ያረረ ስኳር

እንጅባራ፣ ጠዋት፤ ጉም ገና ሳይነሣ፣
ሚዛን የለኝም እኔ፤ የምሰፍር በጣሳ።
አንድ ጣሳ ስኳር፣ አንድ ጣሳ ውሃ፤
መደርደሪያው ደግሞ የጓሮ ቀርከሃ፤
የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ወረቀቱ ተፍቆ፣
ቆሟል በየተራው፣ ስም ሊወጣለት ታጥቦ ደርቆ።

ዝንጅብሉን ከነልጣጩ ቀጥቅጬ ጨምሬ፣
ኮረሪማ ፈልፍዬ፣ ራሱን ቆጥሬ፤
ለአንዱ ጠርሙስ ሦስት፤ አራት የገባ እንደሆነ
ሽሮፑ ይጮሃል፤ ያ ቡና ባከነ።
ለሆት ቸኮሌቱ የብርቱካን ልጣጭ፣
ቢጫው ብቻ እንጂ አይገባበት ነጭ፤
ነጩ እያደር ይመራል፣ እንደ ዘመድ ቂም፤
ድስት ሙሉ ደፍቼ እንጂ ሰው አልነገረኝም።
ማሩን ግን አባቴ አስምሎ ነው የሰጠኝ፤
«ካፈላሽው» አለ፣ «ልጅህ ነኝ አትበይኝ።»
ስለዚህ ድስቱን አወርዳለሁ፣
እጅ እስኪያስችል እጠብቃለሁ፣
ማሩ እሳቱን እንዳያይ በጀርባዬ እጋርዳለሁ።

«ሽሮፕ አለኝ» ስል ግን ቀድሞ የሚስቀው
ደረበ ሹፌሩ፦ «ማነው የሚያስለው?
ሐኪም ነው ያዘዘሽ? በቀን ስንት ማንኪያ?»
እላለሁ፦ «ሦስት ጊዜ፤ ለዚያ አፍህ መዝጊያ።»
ሲሄድ ግን ኩባያውን ገልብጬ ባይ፣
አንዲት ጠብታ የለችም ታቹ ላይ።
የኮሌጅ ልጆቹ ጥርሳቸው በብርድ እየተንገጫገጨ
ሆት ቸኮሌቱን መጀመሪያ ጉንጫቸው ላይ ነው የሚያስደግፉት፤
መጠጣት ኋላ ነው።

አያ ሽባባው ግን፣ ከጥጉ ወንበር፣
ቡናው በጨው ነው፤ ዱሮም እንደነበር።
ጠርሙሶቼን ሁሉ አንድ ባንድ ቃኝቶ፣
በሁለት ጣቱ ጨው ከብልቃጡ አንሥቶ፣
«ስኳር ወሬ ነው» ይላል፣ «ጨው ግን ምስክር፤
ሽማግሌ ይጠራ፣ ቁጭ ብለን እንከራከር።»

ሰኞ ለት ነው፤ ሐምሌ፤ መብራት ጠፍቷል፤
የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ጎማው ፈንድቷል፤
ሃምሳ ሰው ተንጋግቶ ሻይ ሻይ ሲለኝ፣
ስኳሩን ከከሰል ማውረዱ ጠፋኝ።
ሁለት ኪሎ ነበር፣
ከንጋት እስከ ቀትር
በማኅበር ሱቅ ደጅ ተሰልፌ ያገኘሁት።
ስመለስ
ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ቢጫው ቀይ፣ ቀዩ የበሬ ደም፤
ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሽታው ግን ክፉ አይደለም።
ድስቱን በጨርቅ ይዤ ወደ ቦዩ ስሮጥ
የውብዳር ልጄ ናት መንገድ የዘጋችኝ፤
«ካረረ አረረ» ብላ ውሃ ያቀበለችኝ።
የፈላውን ስደፋበት
እንደ ድመት ጮኸ፣ ተፋ፣ ዘለለ፤
ከዚያ ዝም አለ።
ምሬቱን ይግደለው ብዬ ጨው ነሰነስኩ፤
ከአያ ሽባባው ብልቃጥ፤ አልዋሽም፣ ሰረቅኩ።

ቀመስኩት። ምን ልበል?
ታርቆ እንደ መጣ ባል ነው፤
አይታመን፣ አይገፋ።

ለሽማግሌው ቡና አንድ ማንኪያ ጠብ አርጌ፣
ቆምኩኝ ከጓዳው በር፣ ትንፋሼን ሸሽጌ።
ፉት አለ። ደገመ።
ቀና ብሎ ጣራውን አየ፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አዳመጠ።
ስኒው ባዶ ሲሆን አፉን በመዳፉ ጠረገና
«ጨዬን ነክተሻል» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረ፤
ሂሳቡን ቆጥሮ፣ ከዘራውን ይዞ ሄደ።

የውብዳር በፕላስተር የሌሎቹን ስም ጽፋለች፦
«ዝንጅብል»፣ «ኮረሪማ»፣ «ብርቱካን»፤
ለዚህኛው ግን እስካሁን ስም ጠፋለት።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ ደጁን ሳይለቅ፣
አያ ሽባባው መጣ፤ አንዴ ሲጠጋ፣ አንዴ ሲርቅ፤
ያላየሁት መስሎት
ከከሰሉ ጎን
የጨው ብልቃጡን
ክዳኑን ከፍቶ አስቀመጠው።